የሽጉጥ ፈቃድ ዋጋና የሠራተኛው ኪስ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በነዳጅ ማደያ፣ በመኪና ማቆሚያና እስከ ሌሊት ክፍት በሆኑ ሱቆች የሚሠሩት ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ ሥራ የዝርፊያ ሥጋት አለበት፤ ሽጉጥ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል። መልሱ ለየሰው የተተወ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላ ነው፦ ልያዝ ያለው ሰው ስንት ይከፍላል?

በቨርጂኒያ ነዋሪው ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ የሚያስፈልገውን የ5 ዓመት ፈቃድ ከ50 ዶላር በማይበልጥ ክፍያ ያገኛል። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ክፍያው 75 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ75 ወደ 125 ዶላር አሳድጋዋለች። አንዱ የሰጠውን ፈቃድ ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ አይቀበሉትም። እንግዲህ አሌክሳንድሪያ ኖሮ ቀን ዲሲ፣ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሰው ለሦስቱም ቢያመለክት 250 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው፤ የጣት አሻራውና የአሠልጣኙ ሒሳብ ሳይቆጠር።

“ሽጉጥ የገዛ ለፈቃዱ አያንሰውም” የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ጊዜን ይረሳል። ሜሪላንድ ለመጀመሪያ አመልካች የ16 ሰዓት ሥልጠና ታዛለች። የግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ነውና ከሥራው ለቀረ ሠራተኛ ይህ የ240 ዶላር ገቢ ነው፤ የፈቃዱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወርኃዊ ደመወዝተኛው በዕረፍት ቀኑ ይሠለጥናል፤ በሰዓት የሚከፈለው ግን ልጆቹንም የሚጠብቅለት መፈለግ አለበት።

በሕግ ረገድ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1941 በኮክስ መዝገብ፣ መንግሥት ለሰልፍ ፈቃድ የሚያስከፍለው ገንዘብ የአስተዳደር ወጪውን ለመሸፈን ከሆነ ይፈቀዳል ብሏል። በ1966 ደግሞ በሃርፐር መዝገብ የቨርጂኒያን የ1.50 ዶላር የመምረጫ ግብር ሽሯል። ሽጉጥ በየትኛው ይመዘን? ኒውዮርክ ከተማ ለ3 ዓመት ፈቃድ 340 ዶላር በምታስከፍልበት ጊዜ፣ በአብዛኛው የግዛቱ ክፍል ጣሪያው 10 ዶላር ነበር። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ክፍያው ከከተማዋ ወጪ አይበልጥም በማለት በኮክስ መንገድ አጽንቶታል።

በበኩሌ ሽጉጥን ከድምፅ መስጫ ወረቀት ጋር ማመሳሰል ይከብደኛል። ወረቀቱ ሦስተኛ ወገን አይገድልም፤ መንግሥት ተሸካሚውን ቢመረምርና ቢያሠለጥን ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ክፍያው ራሱ ማጣሪያ ይሁን የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ኪስን የሚለይ ወንፊት አደገኛውን ሰው አይለይም። ዕዳው የወደቀው ደግሞ ወንጀል በሚበዛበት ሠፈር በሚኖረው ላይ ነው።

ከዚህ አንጻር ቴክሳስ ትምህርት ትሰጣለች፣ ያውም ሁለት ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ክፍያው 140 ዶላር ሲሆን፣ ድሆችና አዛውንት ግማሹን ይከፍሉ ነበር፤ ጥሩ መላ ነው። በ2017 ለሁሉም ወደ 40 ዶላር ወረደ። በ2021 ግን ሕግ ለማይከለክለው አዋቂ ፈቃዱ ራሱ ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ ከፈቃዱ ጋር የተያያዘው ሥልጠናም አብሮ ቀረ። ለድሃው የሚበጀው ሥልጠናው መቅረቱ ሳይሆን ወጪው በሕዝብ ገንዘብ መሸፈኑ ነበር። ይህን መንገድ ለመሞከር ሜሪላንድ ዛሬም አልረፈደባትም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በብሩን ውሳኔው፣ የተጋነነ ክፍያና የተራዘመ የጥበቃ ጊዜ ተራውን ዜጋ መብቱን ካሳጣው ክርክር ሊነሳበት እንደሚችል በግርጌ ማስታወሻ ጠቁሟል። “የተጋነነ” ስንት ዶላር እንደሆነ ግን አልተናገረም። ዳኞች 125ቷን ዶላር ብቻ ይቆጥሩ ይሆን ወይስ 16ቱንም ሰዓት?