ጆሮዋ የተበሳች ልጅ እስክትድን ድረስ



የሴት ልጅን ጆሮ መብሳት በንፋስ መውጫም ሆነ በስማዳና በእስቴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያውቀው ልማድ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች በዒድ ዕለት ጉትቻቸውን እያወለቁ ሶደቃ መስጠታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ከልማዱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአበሳሳችንና ከተበሳ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከምናደርገው ነገር ጋር ነው። መብሳቱ የደቂቃ ሥራ ሲሆን ለስላሳው የጆሮ ታችኛው ክፍል እስኪድን ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ መርፌው። በኩራዝ ወይም በክብሪት ለብለብ የተደረገ መርፌ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ንጹሕ አይደለም። በአንድ ቀን የሦስት ጎረቤት ልጆች በአንድ መርፌ ሲበሱ ደግሞ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊያሸጋግር ይችላል። የጉበቱ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ለእያንዳንዷ ልጅ ከፋብሪካ እንደታሸገ የተከፈተ አዲስ መርፌ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም። በሠፈራችን ጆሮ የሚበሱ እናቶች እጃቸው ቀና ነው፤ ልንሰድባቸው ሳይሆን አዲስ መርፌና ሳሙና ይዘን ልንሄድላቸው ይገባል።

ለአራስ ሕፃን ደግሞ አትቸኩሉ። መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮም ከሌሎች አራት በሽታዎች መከላከያ ጋር በአንድ መርፌ ሆኗል። ሦስቱን ከጨረሰች በኋላ ብትበሳ ምን ይቀርባታል?

ከተበሳ በኋላ ክር አስገብቶ ቅቤ መቀባት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ክሩ መግልና እድፍ ይመጣል፤ ቅቤውም አቧራ ይይዛል፣ ጀርሙንም ቁስሉ ላይ ያቆያል። ከክር ይልቅ የማይዝግ ወይም የወርቅ ቀጭን ጉትቻ ይሻላል። ርካሹ የገበያ ጉትቻ ብዙውን ጊዜ ኒኬል የተባለ ማዕድን ስላለበት አንዳንዱን ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ለማጠቢያ የሚሆነው ቀላል ነው፦ ሩብ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ለብ ሲል የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው አሟሙበት። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ በቀን ሁለት ጊዜ ከፊትና ከኋላ አርጥቡና አድርቁት። የደረቀውን ቅርፊት በጥፍር አትላጡ። ጉትቻውን «እንዳይጣበቅ» ብሎ ማሽከርከርም አዲሱን ሥጋ ይቀደዋል። አልኮልም ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

ስለ ውዱእ ብዙ እህቶች ይጨነቃሉ። የሸሪዓውን ፍርድ ለዑለማዎች ትቼ የጤናውን ልናገር፦ ንጹሕ ውሃ ቁስሉን አይጎዳውም። የሚጎዳው በሳሙና ያልታጠበ ጣት ነው። በውዱእ መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ እነዚህን ሳምንታት ሳሙና ጨምሩበት፣ ጆሮውንም ሳትፈትጉ ቀስ ብላችሁ አብሱ፣ ከዚያም አድርቁት።

ሒጃቡም ጉዳይ አለው። ንፋስ መውጫ ብርዱ የታወቀ ነው፤ ልጆቻችንን ቀኑን ሙሉ ሸፍነን እንውላለን፣ ደግ እናደርጋለን። ግን ጠበቅ ያለ ሻሽ ጉትቻውን ይጫናል፣ ላብም ያፍናል፤ ሲወልቅም ክሩ ጉትቻውን ይዞ ጆሮ ይቀዳል። ላላ ያለ የጥጥ ሒጃብ በየቀኑ ቀይሩላት፣ ማታ ቤት ውስጥ ደግሞ ጆሮዋ አየር ያግኝ።

ይህን ሁሉ ደክመን፣ ዒድ ሲደርስ ገና 10 ቀን ያልሞላውን ጉትቻ አውልቀን ትልቅ ሎቲ እናንጠለጥላለን! ለዒድ ወይም ለሠርግ የሚበሳ ከሁለት ወር በፊት ይበሳ። አሁን አሁን ሙሽሮች የሚወዱት የላይኛው የጆሮ ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ደም በደንብ ስለማይደርስ ለመዳን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይወስዳል፤ ከመረቀዘም ጆሮው ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። እኔ አልመክርም። በቤተሰባችሁ ጠባሳው እየፋፋ የሚያብጥ (ኬሎይድ) ሰው ካለም ከመበሳት በፊት ሐኪም አማክሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቅላትና ቀጭን ፈሳሽ አያስደነግጥም። መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ወይም ጉትቻው ሥጋው ውስጥ መስጠም ከታየ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዷት። ጉትቻውንም ቤት ውስጥ አታውልቁት፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉን ውስጥ ሊያስቀረው ስለሚችል ባለሙያው አይቶ ይወስን።