የጎደሉት 90 ቀናት

አራስ ጥየቃ ሲኬድ የሚያዘው ነገር እየተለወጠ ነው። ድሮ ቅቤና የአጥሚት እህል ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በሪባን የታሰረ የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕ ይዞ ብቅ የሚል እንግዳ አይጠፋም። ስጦታው ደግ ነው። ጣጣው የሚመጣው አራሷ በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን ከፍታ ስትሞክረው ነው። ግማሽ ሰዓት ስታልብ ቆይታ ጠርሙሱን ብታየው ሁለት ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ወተት ከሥሩ ተኝቷል። “በቃ፣ ወተት የለኝም!” ትላለች። ማታውኑ የቆርቆሮ ወተት ይገዛል።

ፓምፑ ግን ሚዛን አይደለም። ደህና አድርጎ ጡት የያዘ ሕፃን የሚስበውን ያህል ማሽን ብዙ ጊዜ አይስብም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገርም ወፍራምና ጥቂት ነው፤ የጨቅላው ሆድ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። የወተቱን መብቃት የሚናገረው ሽንት ጨርቁ ነው። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ሲወለድ የነበረውን ክብደት በሁለት ሳምንት ገደማ የመለሰ ልጅ ወተት አልጎደለበትም።

በዚህ ጉዳይ አያቶች ከፓምፕ ሻጮች ይሻላሉ። አራስ ቤት ልጁ ከእናቱ ጎን ይውላል፤ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ጡት ይሰጠዋል፤ እስኪያለቅስ አይጠበቅም። እንዲህ ሲሆን ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ወተትም የሚመረተው በተጠባው ልክ ስለሆነ፣ “ትንሽ ታገሺ፣ ጡትሽ ይሙላ” የሚለው ምክር ውሎ አድሮ ወተት ያነጥፋል። (አያቶች ሁሉን ያውቃሉ ለማለት አይደለም፤ እንገርን አፍስሶ ጨቅላውን ቅቤ ማላስም የእነሱው ልማድ ነው።)

እንግዲያ ፓምፕ ለማን ነው? ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል ለገባ ልጅ እናት ማለብ ግዴታዋ ነው፤ ከወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ በእጅም በማሽንም፣ በቀን 8 ጊዜ ያህል። ልጇ አጠገቧ ላለና ጠግቦ ለሚያድርላት አራስ ግን በላዩ ላይ ማለቡ ወተቱን ከልክ በላይ አብዝቶ ጡቷ እንዲያጋት ያደርጋል። ካርቶኑ ለጊዜው ቁም ሳጥን ላይ ቢቆይ ይሻላል።

የሚወርድበት ቀን ሩቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን 6 ወር ሙሉ ከጡት ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ይመክራል። ቀሪዎቹን 90 ቀናት ማን ይሸፍናቸው? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶዎቹ ነበሩ።

በአሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በፌዴራል ሕግ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ ለሁሉም ሠራተኛ አልተደነገገም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ አብዛኞቹ አሠሪዎች ለምታጠባ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የማለቢያ ጊዜና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ፣ ከዓይን የተከለለ ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የቨርጂኒያዋ ሐበሻ እረፍት ሳይኖራት ክፍል አላት፤ የአዲስ አበባዋ እረፍቱን ጨርሳ ክፍል የላትም።

ያቺ ሴት በየቢሮው አለች። የወረቀት መጋዘን ገብታ ቁልፍ የሌለውን በር በወንበር ትደግፋለች፤ ኮሪደሩ ላይ እግር በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ደግሞ ወተቱ አይወርድም። ያገኘችውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ከባልደረቦቿ የምሳ ዕቃ ጀርባ ትደብቃለች። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ውጭ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ መብራት ከጠፋ ጭንቀቷ ሌላ ነው። ለቤቱ ግን ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ጡጦ መቀቀል ለሚያስቸግራት ሞግዚት ንጹሕ ሲኒ ይበቃታል፣ ጨቅላ ከሲኒ መጠጣት ይችላልና።

ከመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገውም ያን ያህል አይደለም፤ የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ። ቦታ የለም የሚሉ አለቆች አሉ። ለእንግዳ መቀበያ ተብሎ ሶፋ የገባበት ክፍል ግን አብዛኛውን ቀን ተቆልፎ ይውላል።