«መቼ?» ሳይሆን «ስለ ማን?»፦ ትንቢትን ስለ ማጥናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ጾመ ነቢያት አንድ ምሽት፣ ጉባኤው ተፈጽሞ ምእመናን ሲበተኑ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድም ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ቀረበ። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ሲሄድ የተመለከተውን የዩቲዩብ ስብከት ሊያሳየኝ ነበር። ተናጋሪው በትንቢተ ሕዝቅኤል የተጻፈውን የጎግና የማጎግን ነገር ከሰሞኑ የጦርነት ዜና ጋር እያያያዘ፣ ዓለም የምታልፍበትን ዓመት በጣቱ እየቆጠረ ይናገራል። ወንድማችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጥያቄውም ቀልድ አልነበረም፤ «ዲያቆን፣ ይህ እውነት ከሆነ ትምህርቴን መቀጠሌ ምን ይጠቅመኛል?» አለኝ።

ከመመለሴ በፊት እኔም አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ትንቢተ ሕዝቅኤልን አንብበኸዋል?» «አላነበብሁም» አለኝ። አፈርሁ፤ ያፈርሁት ግን በእርሱ አይደለም። ይህ ልጅ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ በእጃችን ያደገ ነው። መዝሙር አስጠንተነዋል፣ ዩኒፎርም አልብሰነዋል፣ በየበዓሉ አሰልፈነዋል። የነቢያትን መጽሐፍ ገልጦ ያስተማረው ግን ከእኛ መካከል አንድም አልነበረም። እኛ ባዶ የተውነውን ቦታ ሌላ ሰው ሞላው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሁለት ወገኖችን ይሞግታል። አንደኛው ትንቢትን የዘመን መቁጠሪያ አድርጎ ወጣቱን የሚያሸብረው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ትንቢት አደገኛ ነው፤ ለሊቃውንቱ እንተወው» እያለ መጽሐፉን የዘጋው የእኛው ወገን ነው። ለመጀመሪያው ሰሚ የሚያዘጋጅለት ሁለተኛው መሆኑን ማመን አለብን።

ጃንደረባው ምን ጠየቀ?

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ፣ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር (ሐዋ. 8፥26-39)። የህንደኬ ንግሥት ሙሉ ባለሥልጣንና የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ነው። የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ ማወቅ ለእንዲህ ያለ ሰው ሥራው ነበር። ኢሳይያስም ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ ግብጽ፣ ስለ ባቢሎን ብዙ ተናግሯል። ጃንደረባው ግን ዲያቆኑ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በወጣ ጊዜ ስለ ነገሥታት ዕጣ አልጠየቀውም፤ ዘመኑ መቼ እንደሚፈጸምም አልጠየቀውም። እንደ በግ ወደ መታረድ ስለ ተነዳው (ኢሳ. 53፥7-8) ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?

የትንቢት ትምህርት ሁሉ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። «መቼ?» ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻው ፍርሃት ወይም ትዕቢት ነው፤ «ስለ ማን?» ብሎ የጀመረ ግን ክርስቶስን ያገኛል። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ወንጌልን ሰበከለት፤ መንገዳቸውም ወደ ውኃው አደረሳቸው።

ሌላም ነገር እናስተውል። በኦሪቱ ሕግ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም ነበር (ዘዳ. 23፥1)። ጃንደረባው ይዞት ከነበረው ክፍል ጥቂት ምዕራፎች አልፈን ብናነብ ግን፣ ኢሳይያስ መጻተኛውና ጃንደረባው ከእግዚአብሔር ቤት እንደማይለዩ፣ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስምም እንደሚሰጣቸው ተስፋ ሲናገር እናገኘዋለን (ኢሳ. 56፥3-5)። ጃንደረባው ሲጠመቅ ይህ ተስፋ በእርሱ ተፈጸመ። ትንቢት ሩቅ ያለ ወሬ ሳይሆን፣ በሩ የተዘጋበትን ሰው ስሙን ጠርቶ የሚያስገባ ቃል ነው።

ዘመን ለሚቆጥሩ

በሰፈራችን ክፉ ዜና በተሰማ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ማለት የተለመደ ነው። እስኪ በአባቶቻችን አቆጣጠር እንቍጠረው። ከአዳም እስከ ጌታችን ልደት 5500 ዘመን ነው። በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ስንጨምር ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ደረሰ» የምንለው ዘመን ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። በገባ በ20 ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በሽምብራ ኩሬ ተሸነፈ፤ በተከታዮቹ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ንዋያተ ቅድሳት ተዘረፉ። የዚያ ትውልድ ሰዎች «ዓለም አለቀ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ነገር ግን ዓለም አላለፈችም። ከፍርስራሹ ላይ ቤተ ክርስቲያንን መልሰው ያነጹ፣ የተረፉትን መጻሕፍት የገለበጡ አባቶች ባይኖሩ ዛሬ የምናነበው ባልኖረ ነበር።

የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጡት በከንቱ አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ፣ ከመከራ ዘመን በኋላ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ሕዝቡ ሲሰማ ኖሯልና ነው። መጽሐፉ ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ አይደለም። ንጉሡ ሀገር አንድ ለማድረግ የደከሙ ጀግና ናቸው፤ ክብራቸውን አንነካም። ነገር ግን የተጠበቀው የሰላምና የጥጋብ ዘመን በስም አልመጣም፤ ዘመናቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሐዘን ተፈጸመ። ለንጉሠ ሰላም ለክርስቶስ ብቻ የሚገባውን ተስፋ በሰው ትከሻ ላይ መጫን ለተሸካሚውም ለጠባቂውም ከባድ ነው።

ይህ የትናንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ400 በላይ አስከሬኖች ከመቃብር ተቆፍረው ወጥተዋል። «ፍጻሜው ቀርቧል፤ ጾማችሁ ሙቱና ጌታን ተገናኙ» በሚል ትምህርት ተታለው በረኀብ ያለቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ስለዚህ «ሰው የፈለገውን ቢሰማ ምን አለበት?» የሚለኝ ካለ መልሴ ይህ ነው። የተሳሳተ የትንቢት ትርጓሜ ሰው ይገድላል። ሥጋን ባይገድል እንኳ የአንድን ወጣት ትምህርት፣ ትዳርና ተስፋ ይገድላል።

ጌታችን ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት የተናገረው ግልጽ ነው (ማቴ. 24፥36)። ሐዋርያትም ስለ ዘመኑ በጠየቁት ጊዜ ዘመንን ማወቅ ለእነርሱ እንዳልተሰጠ ነግሮ፣ የተሰጣቸው ምስክርነት መሆኑን አሳያቸው (ሐዋ. 1፥7-8)። ዳግም ምጽአቱን በፍጹም ሃይማኖት እንጠብቃለን። የምንጠብቀው ግን ነቅተንና ሥራችንን እየሠራን እንጂ ቀን እየቆጠርን አይደለም።

መጽሐፉን ለዘጋነው

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። «ትንቢት ተፈጽሟል፤ ወንጌሉ ይበቃል» የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በኤማሁስ መንገድ ያደረገውን ተመልከቱ። ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት የተቸነከሩ እጆቹን አሳይቶ ወዲያው ሊያሳምናቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ከሙሴና ከነቢያት ሁሉ ጀምሮ ስለ እርሱ የተጻፈውን ተረጐመላቸው (ሉቃ. 24፥27)። ዓይናቸው ከመከፈቱ በፊት ልባቸው የነደደው በነቢያት ቃል ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በደብረ ታቦር ክብሩን በዓይኑ ያየ፣ የአብን ድምፅ በጆሮው የሰማ ሐዋርያ ሲሆን፣ የትንቢትን ቃል በጨለማ ስፍራ እንደሚበራ መብራት እንድንጠነቀቀው መከረን (2ኛ ጴጥ. 1፥16-19)። በዓይኑ ያየው ሐዋርያ ትንቢት ካስፈለገው፣ ሳናይ ላመንነው ለእኛ እንዴት አያስፈልገንም?

በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት መንፈስ ቅዱስ በነቢያት አድሮ እንደ ተናገረ እንመሰክራለን። በሰሙነ ሕማማት በየሰዓቱ የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ በነቢያት ስም እንጾማለን፤ ከታኅሣሥ 7 ጀምሮም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እያልን ሰንበታቱን በትንቢታቸው እንሰይማለን። ነቢያቱን ሳያውቁ በስማቸው መጾም ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ፖስታውን እንደ መሳም ነው።

በዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ትንቢት የተባለው ነገሩ ከሆነ በኋላ ክርስቲያኖች የጻፉት ነው» የሚል ክርክር ይገጥመናል። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅል ምዕራፍ 53ን ጨምሮ መጽሐፉን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይዟል፤ የተጻፈውም ጌታ ከመወለዱ ከ100 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ይህን ያላጠና ወጣት በዶርሙ ክርክር አንገቱን ይደፋል፤ ያጠና ግን በትሕትና መልስ ይሰጣል።

መጽሐፈ ሄኖክንም እናንሣ። ሐዋርያው ይሁዳ የጠቀሰው ይህ መጽሐፍ (ይሁዳ 14) ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በእኛው በግእዝ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ የምዕራቡ ዓለም ሙሉውን አላገኘውም ነበር። ዛሬ ግን የእኛ ልጆች ስለ ሄኖክ የሚሰሙት ስለ ግዙፋንና ስለ «ተደበቁ ምሥጢራት» ከሚያወሩ የቲክቶክ ቪዲዮዎች ነው። አባቶች በብራና የጠበቁልንን እኛ ለወሬ አሳልፈን ሰጠነው።

ማወቅ ብቻውንም አይበቃም

ሄሮድስ ክርስቶስ ወዴት እንደሚወለድ በጠየቀ ጊዜ የካህናት አለቆችና ጸሐፍት ሳይሳሳቱ ከሚክያስ ትንቢት ጠቅሰው «ቤተ ልሔም» ብለው መለሱ (ማቴ. 2፥4-6)። ነገር ግን ከመካከላቸው ወደ ቤተ ልሔም አንድ እንኳ እንደ ሄደ አልተጻፈም። ሊሰግዱ የሄዱት ከሩቅ የመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው። እንግዲህ ትንቢትን አጥንተን በጥያቄና መልስ ውድድር አንደኛ ብንወጣ፣ እግራችን ግን ወደ ንስሓ አባታችንና ወደ ቅዱስ ቍርባን ካልተንቀሳቀሰ ከእነዚያ ጸሐፍት በምን እንሻላለን?

ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን፣ ለወላጆችም ጭምር፣ ይህን አሳስባለሁ። በሚመጣው ጾመ ነቢያት በስብከት ሳምንት ኢሳይያስ 7 እና 53ን፣ በብርሃን ኢሳይያስ 9 እና 60ን፣ በኖላዊ ሕዝቅኤል 34ን በጉባኤም በቤትም እናንብብ። ለብቻችን ግን አናንብብ፤ ጃንደረባው እንኳ የሚመራኝ ከሌለ እንዴት አስተውላለሁ ብሏል። በመጻሕፍት ቤት የተማሩ መምህራን በመካከላችን አሉ። አንድምታው ነቢዩ በዘመኑ ለነበረው ሕዝብ የተናገረውን ያስረዳል፤ «አንድም» ብሎ ደግሞ ወደ ክርስቶስ ያደርሳል። ባነበብን ቁጥርም ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ነቢዩ ያን ጊዜ ለማን ተናገረ? ስለ ማን ይመሰክራል? ከእኔስ ዛሬ ምን ይፈልጋል? ሦስተኛውን ለመመለስ ኢሳይያስ 58 ብቻውን ይበቃናል፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ መሆኑን ስንሰማ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የተቀመጡትን ነዳያን ማለፍ ይከብደናል።

ያ ወንድማችን ትምህርቱን አላቋረጠም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በየሳምንቱ ሕዝቅኤልን አብረን እያነበብን ነው፤ ከጎግና ማጎግ ገና አልደረስንም። ምዕራፍ 34 ላይ፣ የጠፋውን በግ ራሱ እንደሚፈልግ እግዚአብሔር የተናገረበት ስፍራ ስንደርስ ግን «ይህ ስለ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መቼ?» አላለም። ጃንደረባውም ደስ እያለው መንገዱን የሄደው ይህን ጠይቆ ነው።

የነቢያት ጸሎትና በረከት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር