ፈተናው ከክፍያው ይቅደም

በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከወሎ ሰፈር እስከ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የመብራት ምሰሶ ሁሉ በኮሌጅ ማስታወቂያ ይለብሳል። ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ ሚድዋይፍሪ፤ በቀን፣ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ወረቀት ያድላሉ። ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ የሚከቱ እናቶችን አያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ለእነሱና ነርስ ለመሆን ለቆረጡት ልጆቻቸው ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ አንዲት ልጅ ለነርስነት ትበቃ እንደሆነ የሚለየው ፈተና ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት ይምጣ እንጂ ዓመታት ከከፈለች በኋላ አይምጣ።

ማስታወቂያው የሚበዛው በከንቱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ቢሻሻልም በ2017 ያለፉት 8.4 በመቶ ናቸው። ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገቡም ማለት ነው። የት ይሂዱ? ዲግሪው ሲዘጋባቸው ደረጃ 4 የሚባለው የሙያ ሥልጠና አለ። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የሴት ልጅ ወላጅን ዓይን የሚሞላው ነርሲንግ ነው። ሥራው የተከበረ ነው፤ የግል ክሊኒክ በየመንደሩ አለ፤ ነርስ ሆና ውጭ አገር ስለተሻገረች የሰፈር ልጅ የሚወራው ወሬም አይጠፋም።

ግቢያችን ውስጥ የምትኖር አንዲት ልጅ በዚሁ መንገድ ሄዳለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ፤ የኮሌጁን ወርሃዊ ክፍያ ግን የምትልከው ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቷ ነበረች። ልጅቷ ባዮሎጂ ትወዳለች፤ ሒሳብ ያስቸግራታል። የተመዘገበችው ኮሌጁ በሄደችበት ዕለት ነው። ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ፤ በቃ። 250 ሚሊግራም የታዘዘለትን ሕፃን፣ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 125 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ ስንት ሚሊ ሊትር እንደምትሰጠው የጠየቃት ሰው አልነበረም። ነጥቧ ከመቁረጫው በላይ ነው፣ ገንዘቡም ተከፍሏል። መጨረሻ ላይ ሲኦሲ ለሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ተቀመጠች። የተግባሩን አለፈች፤ የጽሑፉ ጣላት፤ አሁን ለድጋሚ እየተዘጋጀች ነው።

እናቷን «እትዬ፣ አይዞዎት፣ ትደግመውና ታልፋለች» ስላቸው፣ «ልጄ፣ መድገሟ አይደለም የከበደኝ። ያኔ ስናስመዘግባት ‹ይሄ ይጎድላታል፣ አስቀድማ ይሄን ትማር› ቢሉን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ስለ ጤና ኮሌጆቻችን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ፈተናው ይቅር ማለቴ አይደለም። ሲኦሲው፣ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ በ2015 የተጀመረው የዲግሪ መውጫ ፈተና፣ ሁሉም መኖር አለባቸው። ተመራቂዋ ነገ መርፌ የምትወጋው እናቴን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ያሳየንን አንርሳ፤ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ያህል ነበሩ። ቁጥሩ የሁሉም ሙያ ድምር ነው እንጂ የነርሲንግ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ከ100 ልጆች ከ80 በላይ የሚሆኑት በዚያ ፈተና ወድቀዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ደግሞ ዓመታት ሙሉ የከፈለ ሰው አለ። ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ቀን አልደከመም። ድካሙ መግቢያው ላይም ነበረ፤ ያኔ ግን ያየው አልነበረም፣ ወይም ያየው ሰው መናገሩ አልጠቀመውም።

ድካሙ መግቢያው ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሰፈራችን ልጆች ብዙ ሆነው ወደሚኖሩበት ወደ ዋሽንግተን ዙሪያ ልሻገር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከሚኖሩ ሐበሾች ብዙዎቹ ነርስ የሚሆኑት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል ነው፤ በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሜሪላንድ ከሆነ ደግሞ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ። ኮሌጁ ራሱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ 12ኛን በደካማ ውጤት የጨረሰችም፣ ልጅ ወልዳ ያሳደገችም ትመዘገባለች። ነርሲንጉ ግን የራሱ በር አለው። በመጀመሪያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ የመሳሰሉትን ትወስዳለች። ከዚያ ቲስ የሚባል የመግቢያ ፈተና አለ፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ነው። በኮርሶቹ ያመጣችው ውጤትና የፈተናው ነጥብ ታይቶ ከሌሎች ጋር ትወዳደራለች። አናቶሚ የጣላት ልጅ የከሰረችው የአንድ ኮርስ ክፍያና የአንድ ሴሚስተር ጊዜ ነው፤ ደግማ ትወስደዋለች፣ አለዚያም ሌላ ሙያ ትመርጣለች። እስከዚያው ብዙዎቹ የነርስ ረዳትነት የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ወስደው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠሩ ኪራያቸውን ይከፍላሉ። የሰው ገላ ሲያጥቡ፣ አንሶላ ሲቀይሩ፣ ሌሊት ሲያድሩ ሙያው ይሆነኝ ወይስ አይሆነኝ የሚለውን እዚያው ይለዩታል።

እዚያም ያለው ሁሉ ያማረ አይደለም። ወንበሩ ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ብቁ ሆነው ተራ የሚጠብቁ፣ ከአገር ቤት ያመጡት ትራንስክሪፕት እስኪገመገም የሚንገላቱ፣ ረዳት ሆነው የቀሩ ብርቱ ሴቶች አሉ። ግን የት እንደቆሙ ያውቃሉ። ከሁሉ የሚያስቀናኝ ደግሞ ሌላ ነው። የቨርጂኒያ የነርሲንግ ቦርድ ደንብ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ቢያንስ 80 በመቶው ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ እንዲያልፉ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዚያ በታች የወረደ ትምህርት ቤት ዕውቅናው በቅድመ ሁኔታ ይታሰራል። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ውጤትም ለሕዝብ ይወጣል። ስለዚህ ያልተዘጋጀች ተማሪ ስትገባ ትምህርት ቤቱም አብሯት ይፈራል። እኛ ዘንድ ፍርሃቱ ሁሉ የልጅቷና የእናቷ ነው።

«በሩ ላይ ፈተና ማቆም ድሃውን ማስቀረት ነው» የሚሉኝ አሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። ላቦራቶሪ ሳታይ 12ኛን የጨረሰች ልጅ በአንድ ጠዋት ፈተና ብትመለስ በደል ነው። የምጠይቀው ግን ማባረሪያ ፈተና አይደለም፣ መሰናዶ ነው። በ2015 የተጀመረውን የሪሜዲያል ፕሮግራም እናስበው። ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አንድ ነገር አስመስክሯል፤ የመግቢያ ነጥብ ያላመጣ ልጅ ጥቂት ወራት ተምሮና ተፈትኖ መግባት ይችላል። ለነርሲንግም የአንድ ሴሚስተር መሰናዶ ይኑር፦ የመድኃኒት ልክ ማስላት፣ መሠረታዊ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ ፋይልና የመድኃኒት ብልቃጥ ማንበብ የሚያስችል እንግሊዝኛ። ቤተሰብ የዚያን ሴሚስተር ብቻ ይክፈል። ያለፈች ትቀጥል፤ ያላለፈች ትድገም ወይም ቀሪው ገንዘብ እጇ ላይ እያለ ሌላ መንገድ ትያዝ። ቤይሩት ያለችው እህት ደመወዟን የምትልክበትን ነገር የማወቅ መብት አላት።

ነርስነት በአገራችን የቆየ ክብር አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደማንኛዋም ሠልጣኝ ሠርታ በ1931 ዓ.ም. በነርስነት ተመዘገበች። የንጉሠ ነገሥት ልጅነቷ ከሥልጠናውም ከፈተናውም አላስቀራትም። በ1934 ነቀምት ላይ በወጣትነቷ ስታርፍ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራላት፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። የነርሶች ትምህርት ቤትም እዚያው ነበረው። ተማሪዋና ታካሚው በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ግን ብዙ የግል ኮሌጆች የራሳቸው ሆስፒታል የላቸውም። ተማሪዎቻቸው ለፕራክቲስ የሚወጡት በውል ነው፤ ወደ መንግሥት ሆስፒታል፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ግል ሆስፒታል። ከሦስት ከአራት ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች አንድ ዎርድ ውስጥ ይገናኙና በአንድ አልጋ ዙሪያ ይቆማሉ። ፊት የቆመችው ካቴተር ስታስገባ ታያለች፤ ከኋላ የቆመችው የጓደኛዋን ጋዎን ታያለች። ሁለቱም ሎግ ቡካቸው ላይ ያስፈርማሉ። ይህንን ከኮሌጁ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ተማሪዎቹን የሚልክበት ሆስፒታል ስንት አልጋ እንዳለው እያወቀ ነው የመዘገበው። እዚህ ላይ ተማሪዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ከኋላ ሆነው በጣታቸው ቆመው ለማየት የሚጥሩትን ልጆች ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበሉታል።

መሰናዶው እስኪመጣ ድረስ ወላጅ ባዶ እጁን መቆም የለበትም። ሬጅስትራር ፊት ስትቀርቡ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ዕውቅናው ለነርሲንግ ነው ወይስ ለሌላ ትምህርት ክፍል? ለዚህኛው ካምፓስ ነው ወይስ ለሌላው? ጊዜው አላለፈም? ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ፣ ለስንት ተማሪ? የተግባር መለማመጃውን፣ ስኪል ላቡን፣ ማየት እንችላለን? ባለፈው ዓመት ካስተማራችኋቸው ስንቱ ሲኦሲ ተቀመጡ፣ ስንቱስ በመጀመሪያው አለፉ? የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ቁጥሩን ደብቆ «አትጨነቁ፣ ሁሉም ያልፋሉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቁጥሩን ማሳወቅ ለወላጅ ጉብዝና የሚተው ነገርም አይደለም። ምዘናውን የሚያካሂደው የከተማችን ባለሥልጣን የኮሌጆችን ውጤት በየሙያው ለይቶ ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ያውጣ፤ ኮሌጆቹም ሬጅስትራራቸው በር ላይ ይለጥፉት። በመጀመሪያው ሙከራ ላላለፈች ተማሪ ደግሞ ያስመረቃት ኮሌጅ እስከሚቀጥለው ምዘና ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተምራት። የግቢያችን ልጅ አሁን የምታጠናው ከጓደኞቿ በተዋሰችው ሃንድአውት፣ ብቻዋን ነው።