ውኃ አዲስ አበባ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

አብዛኛው ተማሪ «በ100» ይላል። ፈተና ላይ ነጥቡን ያገኛል። ድስት ጥዶ ቴርሞሜትር ቢከትበት ግን 92 ገደማ ላይ ሲንተከተክ ያያል። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውኃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለማሳየት ከውጭ የሚገባ መሣሪያ አያስፈልግም። የእንጀራ ሊጥ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ አፉ ላይ ፊኛ ማሰርም ይቻላል፤ እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊኛውን ቀስ በቀስ ይነፋዋል።

ታዲያ ለምን አይሠራም? «በጀት የለም» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ማጥቆር ነው፤ መለካትና መመዝገብ ነጥብ የላቸውም። ነጥብ በሌለው ነገር ላይ ክፍለ ጊዜ የሚያጠፋ መምህር «ምዕራፉን አልጨረሰም» ተብሎ ይወቀሳል። ስለዚህ ዕቃ ያለው ቤተ ሙከራ እንኳ ተቆልፎ ይከርማል።

ጎረቤት ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን በተግባርም ትፈትናለች።

እኛ ጋ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ክርክሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ ሆነ። ሽምደዳን የሚሸልም ፈተና ግን ኩረጃ ቢጠፋም ሳይንቲስት አያወጣም። ትምህርት ሚኒስቴር ለተግባር 10 ነጥብ ይመድብ፤ ቁልፉን መምህራን ራሳቸው ይፈልጉታል።