ዳርቻውን ለዓሣው መልሱ

የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ እየተገፈፈ ነው፤ እያየን ዝም ያልን ሁሉ ተጠያቂ ነን። አዳማ ተቀምጠን ዓሣ ጉላሽ እያዘዝን፣ ነገሩ የሐይቁ ዳር ከተማ የባቱ ሰዎች ጉዳይ ነው ማለት አንችልም።

ባቱ ከዓሣ ማስገሪያው ወጣ ብላችሁ በዳርቻው ተራመዱ። የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ወርዷል። የፓምፑ ቱቦ ጭቃ ላይ ተጋድሟል። ደንገልና ፊላ በተመነጠረበት ቦታ ባዶው አፈር እየተናደ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ለሆነ ሐይቅ ይህ ደለል የሞት ፍርድ ነው።

ደንገል አረም አይደለም። ቆሮሶ የተባለችው ዓሣ የምትራባው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፤ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿም ዕፅዋቱ ሥር ተሸሽገው ያድጋሉ። ከማሳ የሚታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ የሚያስቀረውም ይኸው ደንገል ነው። እሱን መንጥረን መረቡ ባዶውን ሲወጣ ጥፋቱን ሁሉ በአስጋሪው ላይ እናላክካለን!

መጨረሻውን ለማወቅ ነቢይ አያሻም፤ አቢጃታ ሐይቅን ማየት ይበቃል። ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ ይመግበው ነበር። የወንዙ ውሃ ለመስኖ ተቀዳ፣ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ተሳበ። አቢጃታ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አቢጃታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ለመብረር ተገደዱ። ዝዋይ ሲነጥፍስ ወዴት ይብረሩ?

ሕግ የለም አትበሉኝ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ዳርቻን ወሰን ለመከለልና በተከለለው ወሰን ውስጥ ዕፅዋት መመንጠርን ለመከልከል ሥልጣን ሰጥቷል። የጎደለው ፈቃደኝነት ነው።

ዳርቻ ማልማት ማለት ድንጋይ መካብና ንጣፍ ማንጠፍ የሚመስላቸው ሹሞችም ይስሙ፦ የተካበ ዳር ለፎቶ ያምራል፣ ዓሣ ግን አይራባበትም።

ገበሬው ምን ይብላ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳሩን ሲለቅ ካሳና ተለዋጭ መሬት ይሰጠው። ሸክሙም በግማሽ ጥማድ ባለቤት ላይ ብቻ አይጫን፤ ከሐይቁ የሚቀዱት ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች ድርሻቸውን ይክፈሉ።

የባቱ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል፦ ወሰኑን በችካል ለዩ፣ ደንገሉንና ፊላውን መልሳችሁ ትከሉ፣ ጥበቃውን በዳሩ ለሚኖሩት አስጋሪዎች በደመወዝ ስጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዚህ ዓመት ጀምሩ።