የሥዕል መጽሔት ሽፋንና የሠዓሊው ድርሻ

በ1938 በአሜሪካን አገር በ10 ሣንቲም ይሸጥ የነበረ አንድ የልጆች መጽሔት በ2024 በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መጽሔቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 ይባላል፤ ሱፐርማን የተባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእርሱ ላይ ነው። ይህን ወሬ የሰማ ሰው «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ስለ ዋጋ፥ ስለ ሥራና ስለ ሕግ ብዙ የሚያስተምር ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያ ዋጋውን የወለደው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እነዚህ መጽሔቶች በርካሽ ወረቀት የታተሙ፥ ልጆች አንብበው የሚጥሏቸው ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ሥራ ይሰበሰብ ስለ ነበር ብዙዎቹ በዚያው ጠፉ። እንግዲህ ዛሬ የተወደደው፥ በጊዜው ማንም ይወደዳል ብሎ ያላስቀመጠው ነው።

ሰብሳቢዎች ከሽፋኑ ሥዕል ሌላ በጥጉ የተጻፈውን ዋጋ ጭምር ይመረምራሉ። ዛሬ ማርቬል የሚባለው ኩባንያ ከ1960 ጀምሮ ለእንግሊዝ ገበያ የሚልከውን እትም እዚያው አሜሪካ እያሳተመ ዋጋውን በሣንቲም ፈንታ በፔንስ ያጽፍበት ነበር። በ1977 ደግሞ ሕዝቡ የዋጋ ጭማሪ ይቀበል እንደ ሆነ ለመፈተን፥ በሌላው ስፍራ 30 ሣንቲም የነበረውን መጽሔት በጥቂት ከተሞች ብቻ በ35 ሣንቲም አቀረበ። ከነዚህም አንዱ «ስታር ዎርስ» ቍጥር 1 ነው፤ ባለ 35 ሣንቲሙ እትም ዛሬ ከባለ 30ው ብዙ እጥፍ ያወጣል። ታሪኩም ሥዕሉም አንድ ነው፤ የሚለየው የዋጋው አኃዝ ነው። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን የሚያፈሰው ለሥዕሉ ውበት ሳይሆን ለዕቃው ጥቂትነት ነው ማለት ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን በተረዱ ጊዜ ጥቂትነትን በእጃቸው ሊሠሩት ሞከሩ። ማርቬል በ1991 «ኤክስ ሜን» ቍጥር 1ን በአምስት ልዩ ልዩ ሽፋን አወጣ፤ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂም ወደ ገበያ ገባ። ብዙ ገዢዎች ነገ ያተርፈናል በማለት አምስቱንም ገዝተው በላስቲክ ከተው አስቀመጡ። ነገር ግን ሁሉ ሰው ያስቀመጠው ዕቃ እንዴት ሊወደድ ይችላል? መጽሔቱ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። ገበያው ወደቀ፤ ይህም ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ ማርቬል በ1996 መጨረሻ ከአበዳሪዎቹ ይጠበቅ ዘንድ ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሠዓሊው ምን አገኘ? የሚለው ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር መብታቸውን በ1938 በ130 ዶላር ሸጡ። ገንዘቡ የተከፈለበት ቼክ እንኳ በ2012 በጨረታ 160,000 ዶላር አውጥቷል። ሁለቱ ሰዎች በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ የተቈረጠላቸው፥ ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ በኋላ በ1975 ነው፤ እርሱም የመጣው ችግራቸው በአደባባይ ተሰምቶ ወቀሳ ስለ በዛ ነው። ጃክ ከርቢም ለማርቬል ከሣላቸው ብዙ ሺህ ገጾች ወደ 2,000 የሚጠጉት ብቻ የተመለሱለት ከረጅም ክርክር በኋላ በ1987 ነበር።

በአውሮፓ ሕጉ ሌላ መንገድ ይዟል። ፈረንሳይ በ1920 ሥዕል እንደ ገና በተሸጠ ቍጥር ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ድርሻ እንዲከፈል ደነገገች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ይህንኑ ለአባሎቹ ሁሉ አዘዘ። የአሜሪካን ፌዴራል ሕግ ይህን መብት አያውቅም። ይሁን እንጂ የአውሮፓውም ሕግ ቢሆን ወሰን አለው። ድርሻው ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ በ1936 «ሰማያዊው ሎተስ» ለተባለው የቴንቴን መጽሐፍ ሽፋን ብሎ የሣለው፥ ለማሳተም ውድ ነው ተብሎ የቀረው ሥዕል በ2021 ፓሪስ ላይ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሽጧል። ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው ድርሻ ከዚህ ገንዘብ በመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ ሕጉ የሚመለከተው ከሠዓሊው እጅ የወጣውን ዋናውን ሥዕል እንጂ የታተመውን መጽሔት አይደለም።

እንግዲህ የሠዓሊው ጥቅም በዋናነት የሚወሰነው ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላ በጨረታ አዳራሽ ሳይሆን ውሉ በሚፈረምበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ሥራው ወደ ፊት ምን ዋጋ እንደሚኖረው ሻጩም ገዢውም አያውቁም። ስለዚህ ተማሪው እጁ ያፈራውን ከመሸጡ በፊት የሚሸጠው ወረቀቱን ይሁን፥ የማተም መብቱን ወይስ ሁለቱንም ለይቶ ይጠይቅ። ለመማሪያ መጽሐፍ ወይም ለማስታወቂያ ሥዕል የሚያሠራ ወጣት ሹምም ዋናው ሥዕል ለማን እንደሚቀርና ሥራው ዳግመኛ ሲታተም ለሠሪው ምን እንደሚከፈል በውሉ ላይ በግልጽ ያስጽፍ። ይህ ሁለት መስመር ጽሑፍ ዛሬ ምንም ወጪ የለውም፤ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ግን በኋላ የሚያስከትለውን ክርክር ከላይ ያየናቸው ሰዎች በዕድሜያቸው ከፍለውበታል።